ከሁለቱም እኩል የራቀ

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ካረፉ ወዲህ የጉብታዋን ቤት ጠዋት የምትከፍታትም ማታ የምትዘጋትም እስከዳር ብቻ ሆነች።

ቤቷ ከቀየው ወጣ ብላ፣ በሁለት ተረተሮች መካከል በተኛ ጨፌ ላይ ለብቻዋ ጉብ ያለች፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗ የጓሳ ሳር የሆነ ቤት ናት። ክረምት ሲገባ ጨፌው ውሃ ይቋጥርና ጉብታዋን ዙሪያዋን ይከባታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በጎች ቀና ማለት የሚረሱበት ሳር ይወጣበታል። በምሥራቁ ተረተር ላይ ታላቅ ወንድሟ ምንይሉ ከሚስቱ ከአልጣሽ ጋር ይኖራል፤ በምዕራቡ ላይ ደግሞ መካከለኛው ወንድሟ ወንድምአገኝ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ጨፌው የእሳቸው ስለ ነበር፣ ሁለቱም በጎቻቸውን ሲያሰማሩበት ከእናታቸው ማዕድ እንደሚቆርሱ እንጂ ድንበር እንደሚይዙ አድርገው አያስቡትም ነበር። ሞት መጣና ማዕዱን አነሣው። አሁን የአንዱ በግ የሌላውን በግ ቀድሞ ሳር በነጨ ቁጥር ከተረተር ተረተር መሰዳደብ ተጀመረ።

እስከዳር የመጨረሻዋ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሕግ ተምራ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ የቀራት የማሟያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። እናቷ ሲታመሙ የተከራየቻትን ክፍል ለቃ፣ መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ መጣች። አስታመመች፤ ቀበረች። አርባው ከወጣ በኋላም እዚያው ቀረች። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሁለት ሳምንት ሲዘጋ ስለ ከረመ፣ ለምን አልሄድሽም ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እሷም አልተናገረችም እንጂ የምትሄድበት የላትም። ከተማ ውስጥ የምታውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሚጠብቃት ሰው ግን አልነበረም። በዓለም ላይ «መጣሽ?» ብሎ የሚቀበላት ደጃፍ ይህ ብቻ ነበር። አሁን የተቀባይዋ ድምፅ ቢጠፋም ደጃፉ አለ።

የምትጽፈው ጎረቤታሞች የሆኑ አገሮች ባሕርን እንዴት እንደሚካፈሉ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። በዚህ አገር ባሕር የሚለው ስም ያለው ከቤቷ ጀርባ በቆሙት ባሕር ዛፎች ላይ ብቻ ነው። ይህን ርዕስ የመረጠችው ከአማካሪዋ ፊት ቀርባ አፏ ሲያያዝባት በመጀመሪያ የመጣላትን በመናገሯ ነው። እያደር ግን ወደደችው። ሰው ሊቆምበት፣ ካብ ሊክብበት፣ ችካል ሊተክልበት በማይችል ውሃ ላይ ሰዎች መስመር እያሰመሩ ተስማምተው መኖራቸው ደስ ይላታል።

እናቷ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን «ምንድን ነው የምትጽፊው ልጄ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«የባሕር ነገር ነው እማዬ። በባሕር ላይ ያለ ሐሳብ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይህን ወስደው በጽዋ ማኅበራቸው ላይ፣ «ልጄ ባሕረ ሐሳብ እየጻፈች ነው» ብለው አወሩት። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር ነው፤ ለዓመታት ደጅ ጸንተው የሚማሩት እንጂ ሴት ልጅ ከከተማ በከረጢት ይዛው የምትመጣው አይደለም። ሰው ተገረመ። ቀጥሎም ይጠይቃት ጀመር። «ነነዌ በስንት ይገባል?» «የዘንድሮ ፋሲካ በየትኛው ወር ነው?» እስከዳር አይ ተሳስታችኋል ለማለት አፍራ፣ ዞር ብላ ስልኳ ውስጥ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየች ትመልስላቸዋለች። መልሷ ሁልጊዜ ልክ ስለሆነ ዝናዋ ከፍ አለ።

እውነቱን ያወቁት የኔታ ኪዳነ ወልድ ብቻ ናቸው። የኔታ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብንም ሆነ ሌላውን ከነምሥጢሩ የሚያውቁ። አንድ ቀን ከኪዳን መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ አገኟትና፣ «እስቲ ልጄ፣ የዘንድሮው መጥቅዕ ስንት ነው?» አሏት።

እስከዳር አንገቷን ደፋች። «የኔታ፣ እኔ ባሕረ ሐሳብ አልተማርኩም። እማዬ ናት የተሳሳተችው። የእኔ ባሕር እንዴት እንደሚከፈል ነው።»

«ባሕር መክፈልማ የሙሴ ነው» አሉ የኔታ። «ለዚያውም በበትር።»

«እሱ ሳይሆን... በሁለት አገሮች መካከል ሲሆን።»

የኔታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «ለማንም አልናገርም፤ አንቺም አትናገሪ። ሰዉ ደስ ብሎታል። ግን እንዲያው ለነገሩ፣ እንዴት ነው የሚከፈለው? ውሃ ላይ ድንጋይ አይተከል።»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር። በቅጽሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው። በመጀመሪያ የየአገሩ ዳር ይለያል። ባሕር ወደ የብስ የሚመጣበትና የሚሸሽበት ሰዓት ስላለው፣ መለኪያው ከሸሸበት ነው የሚጀምረው። ከዚያ ከአንዱም ዳር ከሌላውም ዳር እኩል የራቀ ነጥብ ይፈለጋል። ቀጥሎ ሌላ ነጥብ፣ ቀጥሎ ሌላ። ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ መስመር ይሆናሉ። በመጨረሻም ሚዛኑ ይታያል፤ አንዱ ያለ አግባብ ተጎድቶ እንደሆነ መስመሩ ይታጠፋል።

«መልካም ነው» አሉ የኔታ። «መሀል ላይ ደሴት ቢገኝስ?»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። ምዕራፌ እዚያ ላይ ነው የቆመው። ደሴቱ ሰው የሚኖርበት ከሆነ እንደ አገር ድርሻ ይጠይቃል። ሰው ሊኖርበት የማይችል ባዶ ዓለት ከሆነ ግን ከዙሪያው ጥቂት ያገኝ እንደሆነ ነው እንጂ ርቆ አይጠይቅም። አንዳንዴም መስመሩ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል።»

«ሰው ይኖርበታል አይኖርበትም የሚለውስ ማን ነው?»

«ክርክሩ እሱ ላይ ነው የኔታ።»

ያን ቀን ወደ ጉብታዋ ስትመለስ ብዙ በመናገሯ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር።

በጥር አጋማሽ፣ ውርጩ ከሳሩ ላይ ሳይነሣ፣ ምንይሉ አልጣሽ የላከችላትን በሶ ይዞ ወደ እስከዳር መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እስኬ፣ ባሕሩን አካፍለሽ ጨረስሽ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«እኛ አንዲት ጨፌ መካፈል አቅቶን ልንፈነካከት ነው፤ አንቺ ባሕር ታካፍያለሽ። እነዚያ አገሮች ሽማግሌ የላቸውም?»

«አላቸው። ፍርድ ቤትም አላቸው።»

«ፍርድ ቤትማ ነገር ማስረዘሚያ ነው።» የበግ ጠጉር ባናውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና ጨፌውን አሻግሮ አየ። «ለእሁድ ሽማግሌ ተቀጥሯል። የኔታና ጋሽ ተገኘ ይመጣሉ። ያ ወንድምሽ የሚሉትን ከሰማ፣ ጨፌውን ከመሀል እንሰነጥቀዋለን። ጉብታዋም መሀል ስለሆነች አብራ ትካፈላለች። አንቺ አትቸገሪ፤ ቤቷ ብትፈርስ እኛ ዘንድ መደብ አለ። አልጣሽም ታግዘኛለች ብላ ደስ ብሏታል። መንገዱ እስኪከፈት ነው እንግዲህ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

«ተማሪ ደግ ነው፤ አይሟገትም» ብሎ ሄደ።

በሶውን እንደያዘች ቆመች። ቤቷ ብትፈርስ ያለው ክፉ አስቦ አይደለም። የእሱ ልብ የሚያውቀው፣ ተምራ የሄደች እህት ደመወዝ እንደምትበላ፣ አግብታም የሰው ቤት እንደምትሆን ነው። ደመወዝ እንደሌላት፣ የሚያገባት ቀርቶ የሚደውልላት እንደሌለ አልነገረችውም። ማን ይንገረው? እስከዳር ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር የሚመጣላት ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ያን ቀንም ለምንይሉ ልትለው ይገባት የነበረውን ሁሉ ለግድግዳው ነገረችው። ቤቷ አትፍረስ አለችው። እኔ መንገደኛ አይደለሁም አለችው። ግድግዳው ሰማ፤ ምንይሉ ግን ተረተሩን ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቷን ብትገልጥ ዓይኗ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ብቻ ሆነ። አንድ አገር በገዛ ዳሩ ላይ ሌላው መስመር ሲያሰምር እያየ ዝም ካለ፣ ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ይህን ራሷ ነበረች በጽሑፏ ውስጥ ያስቀመጠችው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም በጨፌው ዳር ተሰበሰቡ። የኔታና ጋሽ ተገኘ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምንይሉና ወንድምአገኝ ዱላቸውን ተደግፈው ግራና ቀኝ ቆሙ። አልጣሽ እጇን በነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ራቅ ብላለች። እስከዳር ከእሷም ራቅ ብላ ቆመች።

ጠቡ ገና ከመነሻው ጀመረ። ምንይሉ፣ «የእሱ ዳር በክረምት ውሃው የሚደርስበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጨፌ ነው» አለ። ወንድምአገኝ ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ «ውሃው እስከ ጓዳዬ ይገባል፤ በዚህ አያያዝህ ጨፌው ከምጣዴ ሥር ነው የሚጀምረው» አለ። አምና የተካበች አንዲት ካብም ተነሣች። ወንድምአገኝ ወደ ጨፌው ገፋ አድርጎ የካባት ነች።

«ካቡን ስክብ አየኸኝ?» አለ ወንድምአገኝ።

«ድንጋዩ ራሱ ተራምዶ መጣ እንበል?» አለ ምንይሉ።

ጋሽ ተገኘ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ተዉ እንጂ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የሚናከስ መሆኑን ግን ዛሬ አየሁ።»

የኔታም፣ «በባሕረ ሐሳብ ቀመር አበቅቴና መጥቅዕ ሠላሳን ይካፈላሉ» አሉ። «አንዱ ሲያድግ ሌላው ያንሳል፤ ግን ሁለቱ ሲደመሩ ከሠላሳ አይጎድሉም፣ ከሠላሳም አያልፉም። ለዘመናት ተካፍለው ኖሩ፤ አንድ ቀን አልተካሰሱም። እናንተም እንደነሱ ሁኑ።» ከዚያ ዞር ብለው፣ «መስመሩን እስከዳር ታስምረው» አሉ።

እስከዳር በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«እሷ ባሕረ ሐሳብ ታውቃለች» አለ ምንይሉ ራሱን እየነቀነቀ። «ለማንም አታዳላም።»

«ታስምር» አለ ወንድምአገኝም። ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ የተስማሙትም ሁለቱም እሷን ከተካፋዮቹ አንዷ አድርገው ስላልቆጠሯት ነው። የኔታ ግን ሲያዩዋት ዓይናቸው ሌላ ነገር የሚል መሰላት።

እምቢ ማለት አልቻለችም። ዳሮቹን ውሃው ከሚሸሽበት፣ ሳሩ ከጠጠሩ ከሚለይበት አስጀመረች፤ «ውሃ ይመጣል ይሄዳል፤ የማይናወጠው ሲሄድ የሚቀረው ነው» ስትል ማንም አልተቃወመም። የወንድምአገኝን አዲስ ካብ አልቆጠረችውም። ሰው ሠራሽ ነገር ዳር አያስረዝምም አለች።

የኔታ ረጅም የጭነት መጫኛ አስመጡ። መሀሉ ላይ ቋጠሮ አሰረችበት። ምንይሉ አንዱን ጫፍ በምሥራቁ ዳር፣ ወንድምአገኝ ሌላውን በምዕራቡ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ጨፌው በሰፋበት እየለቀቁ፣ በጠበበበት ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየጠቀለሉ፣ ገመዱ ሲወጠር ቋጠሮው ያለበት ላይ እሷ ችካል ትተክላለች። ከዚያ ሁሉም ራመድ ይላሉ። ዳሩ ሲጠማዘዝ ቋጠሮውም ይጠማዘዛል።

ወንድማማቾቹ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ገመድ ተያይዘው ነበር። «ላላ አድርግ» ይላል አንዱ፤ «ያዝ» ይላል ሌላው። ሥራው እያሟሟቃቸው ሄደ። ምንይሉ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ወንድምአገኝ ማዶ ሆኖ ሳቀበት፤ ምንይሉም ሳቀ። እስከዳር መሀል ላይ ቋጠሮውን ይዛ የሁለቱንም ሳቅ ሰማች። ከሁለቱም እኩል ስለ ራቀ ቦታ ስትጽፍ ኖራ፣ እዚያ ቦታ ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። በጽሑፏ ውስጥ ፍትሐዊ የሚል ቃል ነበር የሰጠችው። አሁን ሲታያት ግን፣ በጨፌው ውስጥ ከሁለቱም ወንድሞቿ እኩል የራቀችው ነጥብ ከሁለቱም ለመራቅ የሚቻለውን ያህል የራቀች ነች።

ችካሎቹ እየተከታተሉ ወደ ጉብታዋ ወጡ። ገመዱ ሲወጠር ቋጠሮው በትክክል በእናቷ ቤት ደጃፍ ላይ አረፈ። ቀጣዩ ነጥብ ቤት ውስጥ ነው፤ በምድጃውና በመደቡ መካከል።

«ድንጋዩን እንካፈላለን» አለ ምንይሉ ከማዶ። «ሳንቃው ለእኔ፣ ምሰሶው ለእሱ።»

«ምሰሶውማ ተበልቷል» አለ ወንድምአገኝ። ግን አልተጣላም።

እስከዳር አንድ እጇ ቋጠሮውን እንደያዘ፣ በሌላው እጇ ችካሉን እንደያዘች ቆመች። ችካሉን ከደጃፉ ላይ መትከል ብቻ ነበር የቀራት። የኔታ ቀስ ብለው ጉብታዋን ወጡና አጠገቧ ደረሱ። ጓሳው ሥር ያለውን ጥቀርሻ፣ ከበሩ ጎን የተደረደረውን ኩበት አዩ።

«ቆይ» አሉ። «ድሮም ቢሆን፣ ጭስ የሚወጣበት ቤት በገመድ አይቆረጥም። ይህ ቤት ባዶ ነው ወይስ ሰው አለበት?»

«ባዶ ነው የኔታ» አለ ምንይሉ። «ከእማዬ በኋላ ማን አለበት?»

«እስከዳር አለችበት።»

«እሷማ እንግዳ ናት። መንገዱ ሲከፈት ትሄዳለች» አለ ወንድምአገኝ። በዚህም ሁለቱ ተስማሙ።

የኔታ ወደ እሷ ዞሩ። «እስከዳር፣ አለሽ?» አሉ።

አለሽ የሚለውን ሰው ሁሉ ሲጠይቃት ኖሯል። ገበያ ስትወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በስልክ፣ በመንገድ። አለሽ? አለሁ። ይህን ስትመልስ ምንም እያለች እንደሆነ አስባ አታውቅም፤ ትንፋሽ እንደ መተንፈስ ያለ ነው። የኔታ የጠየቋት ግን እንደ ሰላምታ አልነበረም። ሁለቱ ወንድሞቿ ገመዱን እንደያዙ ከሁለቱም ዳር ይመለከቷታል። አልጣሽ ከታች ትመለከታታለች። ዝም ብትል ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

«አለሁ» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ስለ ነበር ጋሽ ተገኘ ከታች ሆነው፣ «ምን አለች?» አሉ።

«አለሁ ብላለች» አሉ የኔታ። «እንግዳ አይደለችም።»

ምንይሉ ገመዱን ለቀቀው። ሳሩ ላይ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። «እስኬ፣ ምን ነካሽ?» አለ። በቁጣ ሳይሆን፣ ያላሰበውን እንዳየ ሰው። «ቤት አጣሁ አልሽ? ቤቴ ቤትሽ አይደለም?»

«ነው ጋሼ» አለች። «ግን ያንተ ነው።»

ጋሽ ተገኘ ነገሩ ሳይበርድ ለመጨረስ ተጣደፉ። «እንግዲህ ሰው ካለበት ዙሪያ ያስፈልገዋል። ያለ ደጅ ቤት የለም። ምን ያህል ይሁን? ድሮ በዚህ ሲያጨቃጭቅ፣ ከደጃፍ ቆሞ ድንጋይ መወርወር ነው። ካረፈበት ወዲህ ያለው የቤቱ ነው። እኔ እንዳልወረውር ትከሻዬ ተሰብሯል፤ የኔታ ቢወረውሩ ከእግራቸው ሥር ነው የሚወድቅ።»

«እሷ ትወርውር» አለ ምንይሉ። «የምትጠይቀው እሷ አይደለች?»

ወንድምአገኝም ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ተማሪ ድንጋይ ብትወረውር ከደጇ እንደማያልፍ ታውቋቸው ነበር።

የኔታ አንድ እፍኝ የምታህል ድንጋይ አነሡና መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። እስከዳር መድፍን አስታወሰች። መንግሥታት በድሮ ዘመን፣ ከዳር የተተኮሰ መድፍ እስከሚደርስበት ያለው ባሕር የእኛ ነው ይሉ እንደነበር በአንድ ገጽ ላይ ጽፋለች። ክንድ ያለው ይበልጥ ይወስዳል ማለት ነው። ሰው ገር እንድትሆን አሳድጓታል፤ ድንጋዩን ከደጃፉ እልፍ አድርጋ ብትጥለው ሁሉም ይስቃል፣ ምንይሉም በሶ መላኩን አይተውም። ነገር ግን በልጅነቷ የገብስ ጠባቂ እሷ ነበረች። ወንድሞቿ ሲያርሱ እሷ ማማ ላይ ቆማ ወፍ በድንጋይ ስታባርር ነው ያደገችው። ይህን እነሱ ረስተውታል፤ ክንዷ ግን አልረሳም።

አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ አለችና ወረወረች።

ድንጋዩ ጉብታዋን አለፈ። ተዳፋቱን አለፈ። ጨፌው ውስጥ፣ ከሁሉ የበለጠው ሳር ባለበት፣ የምንይሉ በጎች ከሚውሉበት ላይ አረፈ። አንዲት በግ ደንግጣ ዘለለች።

የሳቀ አልነበረም።

ጋሽ ተገኘ፣ «እንግዲህ ክንድ ክንድ ነው» አሉ። ገመዱን ከደጃፉ አስይዘው ድንጋዩ እስካረፈበት ለኩ፤ በዚያ ልክ ጉብታዋን ዙሪያዋን ዞሩ፤ የእስከዳር ሆነ። ከምንይሉም ከወንድምአገኝም እኩል ተወሰደ። የቀረው ጨፌ በችካሎቹ ለሁለት ተከፈለ፤ መስመሩ ከጉብታዋ በላይ ይጀምርና እሷ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ከጉብታዋ በታች ደግሞ ይቀጥላል። ወንድማማቾቹ በየኔታ መስቀል ፊት ተሳሳሙ። እስከዳርንም ሳሟት። ጉንጫቸው ቀዝቃዛ ነበር።

በሳምንቱ ወንድሞቿ በክቡ ዙሪያ ድንጋይ ደረደሩ። ተጋግዘው ነው የደረደሩት፤ ከሩቅ ሆነው ሲቀላለዱ ይሰማታል። በጨፌው ምክንያት የመጣው ጠብ በጨፌው ምክንያት አበቃ። አሁን ሁለቱ የሚያወሩት የጋራ ነገር አገኙ፤ ወሬውም ስለ እሷ ሳይሆን አይቀርም። ምንጩ ያለው በወንድምአገኝ በኩል ስለሆነ ውሃ ለመቅዳት በእሱ ሳር ታልፋለች። የማለፍ መብት አላት፤ የኔታ አስይዘውላታል። «ልለፍ» ትላለች፤ እሱም ጥማዱን እያስተካከለ፣ «እለፊ» ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል አይጨምርም። ከአልጣሽ ቤት በሶ አልመጣም።

ጽሑፏ ግን ሄደ። የቆመው ምዕራፍ ተንቀሳቀሰ። ስለ ትንንሽ ደሴቶች፣ በሌላው ባሕር ውስጥ ሆነው በዙሪያቸው ክብ ስለሚሰጣቸው፣ ከክቡ ወጥተው የትም ለመሄድ የሌላውን ውሃ ስለሚሻገሩ ስትጽፍ ቃሉ ሳያስቸግራት መጣ። ገጹ ሲያልቅ ደስ ብሏት ቀና ብላ አየች። የምትነግረው ሰው አልነበረም። መልሳ አንገቷን ደፋች።

የካቲት ሲገባ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የምንይሉ በጎች የተደረደረውን ድንጋይ ዘለው ወደ ክቡ ገቡ። እስከዳር በር ላይ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። ምንይሉ እየሮጠ መጣ፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ግን ገመድ የያዘው ይመስል ቆመ። ባናውን አስተካከለ።

«እሜቴ» አለ። «በጎቼ ገብተውብዎታል። ይፈቅዱልኛል?»

እስከዳር ፊቱን አየችው፤ እየቀለደ እንደሆነ ልታውቅ። ምንይሉ ሲቀልድ ቅንድቡ ወደ ላይ ይወጣል። ቅንድቡ አልወጣም። የሕፃንነት ጥርሷን ወደ ጣሪያ የወረወረላት፣ በትከሻው ተሸክሞ ጨፌውን ያሻገራት ወንድሟ አንቱ አላት።

«ግባ ጋሼ» አለች።

ገባ። በጎቹን በለሆሳስ እየጠራ ሰበሰባቸው። በደጃፏ ሲያልፍ ወደ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ጣል አደረገ፤ መደቡን፣ መጻሕፍቱን፣ እናቱ ይቀመጡበት የነበረውን በርጩማ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ አንዲት ግልገል አፈነገጠችበትና ተከትሏት ሄደ። በገባበት በኩል ድንጋዩን አሻግሮ በጎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አወጣቸው፤ የወደቀችውንም ድንጋይ መልሶ በቦታዋ አስቀመጣት። በደንብ ነው ያስቀመጣት።

ከሰዓት በኋላ እስከዳር ወደ ክቡ ጠርዝ ወረደች። ወደ ምንይሉ ቤት በሚወስደው በኩል የተደረደሩትን ድንጋዮች ታነሣ ጀመር። ከባድ ነበሩ፤ አንዳንዱን አንከባለለችው። ሰው ሸክሙን ይዞ፣ በግም ሳይዘል ሊያልፍ የሚበቃ በር ሲሆን ተወችው። የቀረውን ክብ አልነካችውም። የእሷ ነው።

ድንጋይ ስታነሣ ከተረተሩ ላይ አልጣሽ ልብስ እያሰጣች ታያት ነበር። እስከዳር እጇን አነሣችላት። አልጣሽ ርጥቡን ነጠላ ዘርግታ ከበስተኋላው ተሰወረች፤ አይታት ይሁን አይሁን አይታወቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወርዳ አየችው። በሩን የዘጋው አልነበረም። ጭቃው ላይ የበግ ኮቴ ነበር፤ የሚገባና የሚወጣ፣ በጠጥም ተንጠባጥቦበታል። የሰው እግር ፈለገች። ከበጎቹ በቀር ያለፈበት አልነበረም።

በሩን ሳትዘጋ፣ ድንጋዮቹን ባሉበት ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።